ሆስፒታል ደርሶ እንዴት ይሞታል?

ለቅሶ ቤት ስቀመጥ ሳልጠየቀው የማልነሣው ጥያቄ አለ። ንፍሮው ዞሮ ሰው ወግ ሲጀምር አንዷ ጠጋ ትለኛለች። «ሲስተር፣ ልጁ እኮ ሆስፒታል ሲገባ ይናገር ነበር። እናቴን እንዳታስደነግጧት እንኳ ብሏል። ሆስፒታል ደርሶ እንዴት ይሞታል?»

የድንገተኛ ክፍል ነርስ ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት አምቦ ነው፤ አባቴ እስኪያርፍ ድረስ ከሀገረ ሕይወት በቀር ሌላ ስም ጠርቶላት አያውቅም። ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ በሚዘልቀው መንገድ ዳር ባሉ ሆስፒታሎች ስዘዋወር ሸብቻለሁ። ለቅሶ ላይ «የፈጣሪ ፈቃድ ነው» ብዬ አልፋለሁ፤ ኀዘንተኛ ፊት ሌላ ምን ይባላል። እዚህ ግን የማውቀውን ልናገር። ሆስፒታል በሕይወት ከሚደርሱት ቁስለኞች መካከል ጥቂት የማይባሉት የሚሞቱት ጉዳቱ ስለጸናባቸው ብቻ አይደለም። አንድ ጊዜ ታይተው ከተኙ በኋላ ተመልሶ የሚያያቸው ሰው ስለሚጠፋም ነው።

ይህ የእኛ አገር ጉድ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ1979 እ.ኤ.አ. ጆን ዌስትና ዶናልድ ትራንኪ የሚባሉ ቀዶ ሐኪሞች ከባልደረባቸው ጋር ሆነው በካሊፎርኒያ ሁለት አካባቢዎች በመኪና አደጋ የሞቱ ሰዎችን ፋይል አገላብጠው ያገኙትን አወጡ። በሳን ፍራንሲስኮ ቁስለኛው ሁሉ ሌት ተቀን ተዘጋጅቶ ወደሚጠብቅ አንድ ሆስፒታል ይወሰድ ነበር። በኦሬንጅ ካውንቲ ደግሞ የተገኘው ቅርብ ሆስፒታል ይበቃል ተብሎ ነበር። በኦሬንጅ ጭንቅላታቸው ሳይጎዳ ከሞቱት ውስጥ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ፣ በጭንቅላት ጉዳት ከሞቱትም ሲሶ ያህሉ ሊድኑ ይችሉ እንደነበር አዩ። በሳን ፍራንሲስኮ እንዲህ የተባለለት አንድ ሰው ብቻ ነበር። ሐኪሙ በሁለቱም ቦታ የተማረ ነው፣ መሣሪያውም አልጠፋም። አሜሪካ ነው እንግዲህ የማወራው።

ያው ትራንኪ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የቁስለኛን ሞት በሦስት ጊዜ ከፍሎ አስቀመጠው። አንዱ እዚያው አደጋው ቦታ ላይ የሚሞት ነው፤ ለእሱ የሆስፒታል በር ምንም አያደርግለትም፤ የሚያድነው የመቀመጫ ቀበቶና የሾፌር ልብ ነው። ሁለተኛው በሰዓታት ውስጥ ነው፤ ደም በመፍሰስ፣ ትንፋሽ በመዘጋት፣ ጭንቅላት ውስጥ በሚጠራቀም ደም። ሦስተኛው ከቀናትና ከሳምንታት በኋላ በመመረዝ፣ በኩላሊት መድከም፣ ከእግር ተነሥቶ ሳንባ ላይ በሚሰካ የረጋ ደም ይመጣል። የለቅሶ ቤቱ ጥያቄ የሚነሣው በሁለተኛውና በሦስተኛው ላይ ነው።

መንገዳችን ይታወቃል። ከአዲስ ዓለም ጀምሮ ጊንጪን፣ አምቦን፣ ጉደርን፣ ጌዶን አልፎ ባኮ ድረስ የሲሚንቶ ተሳቢ፣ የወለጋን ቡናና በቆሎ የጫነ መኪና፣ ሰው «አል ቃይዳ» ያለው አይሱዙ፣ ዶልፊን፣ ባጃጅ፣ ሞተር፣ ጋሪ፣ አህያዋን ነድታ ከገበያ የምትመለስ ሴት፣ ሁሉም አንድ አስፋልት ላይ ነው። ክረምት ላይ ጉሙ ሲወርድበት ደግሞ አስቡት። ከመንገድ ውጭም ባሕር ዛፍ ሲቆርጥ የወደቀ፣ በሬ የወጋው፣ በዱላ የተፈነከተ፣ በጥይት የተመታ ይመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በመንገድ አደጋ ብቻ በዓመት 1.19 ሚሊዮን ሰው እንደሚሞት፣ ከአሥሩም ዘጠኙ እንደ እኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች እንደሆነ ይናገራል። እኛ ዘንድ ያ ቁጥር የገበያ ቀን ማታ በአይሱዙ ጀርባ ተጭኖ ይደርሳል።

አንድ ሌሊት ከሞተር የወደቀ ወጣት በእግሩ ገባ። ሰባት ሰዓት ገደማ ነው። ጎኑን ይዟል፣ ይስቃል፣ ያመጡት ጓደኞቹ ናቸው የሚያለቅሱት። የደም ግፊቱ 110 በ70፤ የልብ ምቱ 118። ለልምምድ የመጣው ተማሪ «ደኅና ነው» ብሎ ሊጽፍ ነበር። ግፊቱን ብቻ ላየ እውነትም ደኅና ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ወጣት የሚሞተው እዚህ ነውና። ጎልማሳ ሰው አምስት ሊትር ያህል ደም አለው። ወጣት ሰውነት ደም ሲጎድልበት የደም ሥሮቹን አጥብቆ፣ ልቡን አፍጥኖ ግፊቱን ይዞ ይቆያል። ከደሙ ሲሶው እስኪፈስ ድረስ የግፊት መለኪያው ክፉ ነገር ላይናገር ይችላል። ቀድሞ የሚናገረው የልብ ምቱ ነው፤ ከዚያ ላብ፣ የእጅ መቀዝቀዝ፣ መቁነጥነጥ፣ «ውኃ ስጡኝ» ማለት። ግፊቱ ሲወድቅ የቀረው ጊዜ አጭር ነው። ስለዚህ አንድ ልኬት ብቻውን አይጠቅምም፤ ጥቅሙ ከሚቀጥለው ጋር ሲተያይ ነው። ለዚያ ወጣት በየሩብ ሰዓቱ ለካን። 118፣ 126፣ 134። ተረኛው በአልትራሳውንድ ሆዱን ሲያየው ፈሳሽ አለ። ጣፊያው ተሰንጥቆ ነበር። ኦፕራሲዮን የሠራለት ስፔሻሊስት ሳይሆን አይ.ኢ.ኤስ.ኦ. የምንለው ነው፤ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጤና መኮንኖችን ለድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ማሠልጠን የጀመረው ፕሮግራም ለገጠር ሆስፒታል ያወጣው ሰው። እኔ በበኩሌ ለዚህች አገር ቁስለኛ ከተደረጉት ነገሮች ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ።

በሌላ ሌሊት፣ በሌላ ሆስፒታል፣ የሞተ ሰው ቻርት እጄ ላይ ደርሶ ያውቃል። ሲገባ ተለክቷል፤ ከዚያ ጠዋት ራውንድ ሊደረግ ሲል ተለክቷል። መካከሉ ባዶ ወረቀት ነው። ያን ሌሊት የነበረችው ነርስ ሰነፍ አልነበረችም። አንድ ክፍል ሙሉ በሽተኛ ለብቻዋ ይዛ፣ ግማሹን ሰዓት ፋርማሲና ላቦራቶሪ ስትሯሯጥ ነበር። እሷን መቅጣት ቀላል ነው። ባዶውን ወረቀት ግን አይሞላውም።

የደምን ነገር ካነሣሁ ዳሌንም ልጨምር። የጭን አጥንት ሲሰበር አንድ ሊትር ተኩል ድረስ ደም በጡንቻው ውስጥ ሊደበቅ ይችላል፤ ዳሌ ሲሰበር ከዚያም ይበልጣል፤ ከውጭ ጠብታ አይታይም። ያኔ የሚያስፈልገው በመጀመሪያ ማሰር ነው። ነጠላ በቂ ነው። አጥፈን በሰውየው ሥር እናሳልፍና ወገቡ ላይ ሳይሆን ዝቅ ብለን፣ የጭኑ አጥንት ላይኛው ጫፍ በጎን ጎልቶ በሚዳሰስበት በኩል ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ስቦ ያጠብቀዋል። ጉልበቶቹንም አንድ ላይ እናስራለን። ዳሌውን እየነቀነቁ «ተሰብሯል ወይ» ብሎ መፈተን ግን ደሙን እንደገና መክፈት ነው። ከዚያ እርጥቡን ልብስ ቀዶ አውልቆ በጋቢ መጠቅለል። ሰው ብርድ ልብስን ለምቾት ይመስለዋል፤ የቀዘቀዘ ደም ግን በወጉ አይረጋም፤ የአምቦንም ሌሊት የሚያውቅ ያውቀዋል።

መድኃኒትም አለ። ትራኔክሳሚክ አሲድ ይባላል፤ የረጋው ደም ተመልሶ እንዳይሟሟ ያደርጋል። ክራሽ-2 የተባለው ጥናት በ40 አገሮች፣ በ274 ሆስፒታሎች ከ20 ሺህ በላይ ቁስለኞች ላይ ተሞክሮ በ2010 እ.ኤ.አ. ውጤቱ ወጣ። ካልተሰጣቸው ከመቶው 16 ሲሞቱ፣ ከተሰጣቸው 14.5 ሞቱ። ትንሽ ትመስላለች፤ በየሆስፒታሉ ስትባዛ ግን ብዙ ቤት ናት። ዋጋው ርካሽ ነው፤ ችግሩ ሰዓቱ ነው። በሦስት ሰዓት ውስጥ ካልገባ አይረዳም፤ ከዚያ በኋላ እንዲያውም ሊጎዳ ይችላል። የሚያናድደኝ ምን መሰላችሁ፤ መድኃኒቱ በወሊድ ክፍል ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ፣ በኮሪደሩ ማዶ ያለው ድንገተኛ ክፍል «ስቶክ የለም» ብሎ የሚጽፍበት ቦታ አይቻለሁ።

ወደ ለቅሶ ቤቱ ልጅ ልመለስ፤ ሲናገር የነበረው። ጭንቅላቱን ከተመቱት መካከል እንዲህ ያለ አለ። ይወድቃል፣ ይነቃል፣ ያወራል። የራስ ቅሉ ሲሰነጠቅ አብሮ የተቆረጠ ደም ሥር ግን በአጥንቱና በአንጎሉ ሽፋን መካከል ደም እያጠራቀመ ነው። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ራሱን ያመዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ከዚያ ይተኛል። አስታማሚው «አሁን ገና እንቅልፍ ወሰደው፣ አትቀስቅሱት» ይላል። መቀስቀስ አለበት። በየሰዓቱ ስሙን መጠየቅ፣ እጁን እንዲጨብጥ ማዘዝ፣ በባትሪ መብራት ሁለቱን ዓይኖቹን ማየት። የአንዱ ዓይን ብሌን ከሌላው ከሰፋ የቀረው ጊዜ በደቂቃ ይቆጠራል። ይህን ለማየት ሲቲ ስካን አያስፈልግም። ኦሮምኛ ብቻ የሚናገር ሰው ደግሞ በማይገባው ቋንቋ ተጠይቆ ዝም ሲል «ራሱን ስቷል» ተብሎ እንዳይጻፍበት የሚያናግረው ሰው መጥራት ነው፤ አዲስ አበባ ሲላክ በተለይ።

ራሱን የሳተውን ሰው ምላሱ ወደ ኋላ ወድቆ ያንቀዋል። መንጋጋውን ወደ ፊት ገፋ ማድረግ፣ አንገቱን ሳያጣምሙ በጎኑ ማስተኛት፣ ትውከቱን መጥረግ፤ ሥራው ይህ ነው፤ ጸጥ ብሎ የሚያንኮራፋውን ሰው ግን «ተኝቷል» ብሎ ማለፍ የተለመደ ነው። ሌላም አለ። አስታማሚ ባይኖር ዋርዱ አንድ ቀን አያድርም፤ ሽንት የሚደፋ፣ የሚያገላብጥ፣ ደም ፍለጋ የሚሮጥ እሱ ነው። ግን ማንም አልነገረውም። አንድ ሽማግሌ በሁለተኛው ቀን አጥሚት በፔርሙስ ይዘው መጥተው፣ ራሱን ያላወቀውን የወንድማቸውን ልጅ ቀና አድርገው በማንኪያ ሊያጎርሱት ደረስኩባቸው።

«ኦቦ፣ እባክዎ ይተውት፤ መዋጥ አይችልም፤ ሳንባው ነው የሚገባው።»

«ልጄ፣ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰም እኮ! ረኀብ ነው የሚገድለው።»

እኔም በአፍንጫ ቱቦ እስኪገባለት እንዲታገሡኝ ለመንኳቸው። እሺ አሉኝ፤ ፔርሙሱን ግን አልዘጉትም። ሳንባ ውስጥ በገባ አጥሚት ወይም ወተት የሞተ ሰው በሞት ወረቀቱ ላይ «የጭንቅላት ጉዳት» ተብሎ ይጻፍለታል። ማን ያውቃል?

«ሪፈር» ደግሞ ራሱን የቻለ ጉድ ነው። ከአምቦ አዲስ አበባ 115 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከተማው መግቢያ አሸዋ ሜዳ ላይ መኪናው ሲጨናነቅ ግን ኪሎ ሜትሩ ትርጉም ያጣል። በአገራችን ለወረዳዎች የታደሉት አምቡላንሶች በዋናነት የታሰቡት ለወላድ እናቶች ነው። ክብረት አበበ የሚባለው የማደንዘዣ ባለሙያ በዘመኑ ቤቱን ሸጦ ጠብታ አምቡላንስን ያቋቋመው ሰው ቁስለኛን በታክሲ ሲያጓጉዝ አይቶ ነው። ዛሬ መኪናው ቢኖርም በብዙ ቦታ ከበሽተኛው ጋር የሚሄደው ወረቀት ነው። ደረቱ ውስጥ አየር የታመቀበት ሰው ቱቦ ሳይገባለት ይጫናል፤ ኦክስጅኑ ጊንጪ ላይ ያልቃል። አዲስ አበባ ሲደርስ «አልጋ የለም»። አቤት ሆስፒታል ለዚሁ ለአደጋ፣ ለቃጠሎና ለድንገተኛ ሕክምና በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሥር የተከፈተ ነው፤ ጥቁር አንበሳም ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊስቶችን እያሠለጠነ ነው። ሁለቱም ይጠቅማሉ፤ ግን ቀድሞ ለተደወለለት ሰው ይበልጥ ይጠቅማሉ። ሪፈር የሚያገናኘው ላይዘን ቢሮ ደውሎ ተቀባዩን ሐኪም በስም ማግኘት፣ ትንፋሹን ከፍቶ፣ የታመቀውን አየር አስወጥቶ፣ ስብራቱን አስሮ፣ ነርስ አስቀምጦ መላክ። የደረት ቱቦ ጠርሙስ ከጠፋ ባዶ የግሉኮስ ጠርሙስ ውኃ ተጨምሮበት ያንኑ ሥራ ይሠራል፤ ሠርቷልም።

ስለ ወጌሻ አንድ ነገር ብቻ። አልጠላቸውም፤ ውልቃት የመለሱልኝ ዘመዶች አሉኝ። ነገር ግን በቀርከሃና በጨርቅ የታሰረ እጅ ጣቶቹ ከገረጡ ወይም ከጠቆሩ፣ ከደነዘዙ፣ ሕፃንም ከሆነ ሌሊቱን ሙሉ ካለቀሰ እስራቱ የሚፈታው ያኔውኑ ነው። ጠዋት ስናየው እጁ የሚቆረጥ ሆኖ የመጣ ልጅ ብዙ ነው።

ገንዘብም ይገድላል፤ «ካርድ አውጡ፣ ይህን ግዙ» እየተባለ የሚሄደው ሰዓት። ብዙ ሰው የማያውቀው፣ በ2005 ዓ.ም. የወጣው የተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799 በመኪና የተጎዳ ሰው የድንገተኛ ሕክምና በነጻ እንዲያገኝ ደንግጓል፤ አዋጁ ሲወጣ ጣሪያው 2 ሺህ ብር ነበር። ገጭቶ የጠፋ ወይም መድን የሌለው መኪና ከሆነም የመድን ፈንዱ እንዲሸፍን ነው የተደረገው። በዛሬ ዋጋ 2 ሺህ ብር የትም እንደማያደርስ አውቃለሁ። ቢሆንም የመጀመሪያዋን ሰዓት ትገዛለች፤ የታርጋ ቁጥር መያዝ፣ ለትራፊክ ፖሊስ ማስመዝገብ አይረሳ።

የምቀናበት ነገር አለ። በአገራችን ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ በወሊድ ምክንያት የምትሞት እናት ሞቷ እንዲመዘገብና ለምን እንደሞተች እንዲመረመር ሥርዓት ተዘርግቷል። ተገቢ ነው፤ እህቶቼን አትርፎልኛል። በሠራሁባቸው ቦታዎች ግን የሃያ ዓመት ልጅ በሲሚንቶ መኪና ተገጭቶ በሦስተኛው ቀን ሲሞት አስከሬኑ ይገነዛል፣ አልጋው ይታጠባል፣ ሌላ ይተኛበታል። ለምን እንደሞተ የሚጠይቅ ለቅሶ ቤት ብቻ ነው።

በታይላንድ ኮን ኬን የሚባል የክፍለ አገር ሆስፒታል አለ። የቁስለኞችን መዝገብ አደራጅተው የሞቱትን አንድ በአንድ ማየት ሲጀምሩ ችግሩ የታወቀ ነገር ሆኖ ተገኘ፤ ጭንቅላቱ የተጎዳው ኦፕራሲዮን ሳይደርስ ይቆያል፤ ደም የፈሰሰው በቂ ፈሳሽና ደም አያገኝም። ብዙ ቁስለኛ በሚመጣበት ሰዓት ነባር ሐኪም ድንገተኛ ክፍል እንዲገኝ አደረጉ፤ የክፍሎቹን ግንኙነት በሬዲዮ አሻሻሉ። በ1994 እ.ኤ.አ. ተኝተው ከሚታከሙት ቁስለኞች ከመቶ 6.1 ይሞት የነበረው በ1997 ወደ 4.4 ወረደ። በዚህ ውስጥ አዲስ ሕንፃ የለም።

እኛም፣ ስሙን በማልጠቅሰው ሆስፒታል፣ አንድ ወጣት ቀዶ ሐኪም አነሣስቶን ሐሙስ ከሰዓት መቀመጥ ጀምረናል። የሟች ፋይል ይነበባል፤ የበሽተኛውም የሠራተኛውም ስም አይጠራም። ሦስት ሣጥን አለን፤ «የማይድን ነበር»፣ «ሊድን ይችል ነበር»፣ «መዳን ነበረበት»። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ፋይል የማይድነው ውስጥ ነበር የሚገባው፤ ማን በራሱ ላይ ይፈርዳል። የተከፈተው ስለ ኦክስጅን ስንነጋገር ነው። ሲሊንደሩ ሙሉ፣ መክፈቻ ቁልፉ ግን ከሥራ ሰዓት በኋላ የንብረት ክፍሉ ሰውዬ ኪስ ውስጥ፣ እሱም ቤቱ። ዘበኛው ሄዶ እስኪያመጣው በሽተኛው አልጠበቀም። ቁልፉ በገመድ ሲሊንደሩ ላይ ይታሰር ተባለ። ታሰረ፤ ጠፋ፤ አሁን በሰንሰለት ነው።

ባለፈው ስብሰባ የታየው ከጌዶ አቅጣጫ የመጣ፣ ከባሕር ዛፍ የወደቀ ገበሬ ነው። መብራት በሄደበት ሰዓት ኦፕራሲዮን ክፍል ሊገባ ሲል ቆሞ፣ ጄኔሬተሩን የሚያስነሣው ሰው እስኪገኝ ሃምሳ ደቂቃ ሄደ። ቀዶ ሐኪሙ ጉበቱ እንዲያ ተቀዶ ወዲያውኑ ቢገባም አይተርፍም ነበር አለ። የማደንዘዣ ባለሙያዋ ደግሞ ሲገባ ግፊቱ መልካም እንደነበር ከቻርቱ አነበበች። በየሩብ ሰዓቱ ተጽፏል፤ የሚከራከሩበት ነገር ያገኙትም ለዚህ ነው። አልተስማሙም፤ «ሊድን ይችል ነበር» ተብሎ ተመዘገበ። የጄኔሬተር ኦፕሬተሩና የተተኪው ስልክ ቁጥር በትልቁ ተጽፎ ድንገተኛ ክፍልና ኦፕራሲዮን ክፍል ግድግዳ ላይ እንዲለጠፍ፣ ሁለተኛ ሰው ማስነሣቱን እንዲለምድ ተወሰነ። የመጀመሪያዋ ተማሪ እኔ ነኝ።